ሎህ ወይስ ዶን

ንገሪን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ሰፈር ልጄ ቤት ስሄድ ሁለቱ ታናናሾች ቴሌቪዥን ፊት ተደፍተው ይጨቃጨቃሉ። የባሕር ላይ እሽቅድምድም ነው። አንዱ ሰው ሸራ በተተከለበት ጣውላ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ሸራውን በገዛ እጁ ይዞ ይከንፋል። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ሰዎች በቀጭን ጀልባ ሲሄዱ ያሳያሉ፤ አንደኛው መሪውን ይዟል፣ ሌላው በገመድ ተይዞ ከጀልባዋ ውጭ ተንጋሏል። ወንዱ ልጅ "ባለ ጣውላው ይቀድማል" ይላል፤ ሴቷ "ባለ ጀልባዎቹ" ትላለች። እኔ ጥግ ይዤ ተስቢሄን፣ መቁጠሪያዬን፣ እቆጥራለሁ። አፌ አላስችለው አለና፦

"ነፋሱ ከየት በኩል ነው?" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"ከጎን ከሆነና ከበረታ ባለ ጣውላውን አትይዙትም። ፊት ለፊት ከሆነ ግን ጀልባዋ ትበልጠዋለች። ነፋሱ ከደከመ ጣውላው ቆሞ ይቀራል።"

"ማማ፣ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?"

"የት አውቄ! እኔ የማውቀው ውሃ ደቻቱ ነው፤ እሱም ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው።"

"ታዲያ ይህን ከየት አመጣሽው?" አለ ወንዱ።

ልጅቷ ግን ብልጥ ናት፤ ሌላ ጠየቀች። "እሺ ሦስቱም ቢደባለቅስ? መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ከኋላ ቢነፍስ ማን ይቀድማል?"

ተስቢሄ እጄ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ንገሪን ብለው የያዙኝ። በአፌ ጀምሬው መጨረስ ቢያቅተኝ ደብተር ስጡኝ አልኳቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ።

እኔ እግሬ አርፎ አያውቅም። አባቴ ከወሎ በእግሩ እየነገደ የመጣ ሰው ነበር፤ እናቴ የሜታ ኦሮሞ ናት። አማርኛን ከሱ፣ ኦሮምኛን ከሷ ወረስኩ። ሶማሌኛውን ገበያ አስተማረኝ። የገበያ ሶማሌኛ ማለት ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ሶ ገል ማለት ግቢ፣ ሶ ፈሪሶ ማለት ተቀመጪ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እንዲያም ሆኖ ሶማሌ አገባሁ። አያታችሁን ማለቴ ነው። ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወራው፣ በድሬ አማርኛ፤ ሲናደድና ሲደክመው ብቻ ወደ እናቱ ቋንቋ ይገባ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ወይ እጠብቀዋለሁ ወይ እስቅበታለሁ።

በሶማሊያው ጦርነት ዓመት እናታችሁ ገና ጡት አልጣለችም። ሶማሌኛ የተናገረ ሁሉ የሚጠረጠርበት ጊዜ ነው። የአያታችሁን የአጎት ልጆች ወሰዷቸው፤ አንድ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሰዎች ሥራ ቦታው መጥተው ስሙን ጠየቁ። የተሰበረው ሐዲድ ተጠግኖ ባቡሩ መሄድ ሲጀምር፣ ከዕቃ ፉርጎ ላይ ወጥቶ ወደ ጅቡቲ ሄደ። "ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት" አለኝ። ሽርጡንና አንድ ሸሚዝ ነው የያዘው። ልጅቷን አቅፌ ቆሜ፣ ፉርጎዎቹን ስቆጥር አስራ ሰባት ላይ ስደርስ አለቁ።

ሁለት ወሩ አምስት ዓመት ሆነ።

እዚያ ባሕር ዳር ፈረንጆች ጀልባ የሚያስቀምጡበት ቦታ ሥራ አገኘ። ጀልባዎቹን ከውሃ ጎትቶ ማውጣት፣ ጨዋማውን ውሃ ከላያቸው ማጠብ፣ ሸራ ማድረቅና ማጠፍ ነው ሥራው። እሱ አይጽፍም፣ እኔ ያኔ አላነብም። ስለዚህ በካሴት ነበር የምንነጋገረው። ባቡር ላይ የምትነግድ አንዲት ሴት ነበረች፤ ካሴቱን ከቀሚሷ ስር ታስራ ታመጣለች። የጉምሩክ ጠባቂዎቹ ፊናንሶች ጨርቅና ሽቶ ሲበረብሩ የባሌ ድምፅ ሆዷ ላይ ያልፍ ነበር። "ባልሽን አርግዤ መጣሁ" ትለኛለች፣ ስትሰጠኝ።

ቴፕ አልነበረኝም። ቴፕ ያላት ሐረሪ ጎረቤቴ ነበረች፣ ጨርቅ የምትሸጥ። ከቀትር በኋላ ከተማው በሙቀት ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጋደም ሲል፣ የሱቋን የኋላ ክፍል ትከፍትልኝና ትወጣለች። እኔ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። በዚያ ጊዜ ከጅቡቲ የመጣ ድምፅ ጮክ ብሎ አይሰማም። ደግሞም የኔ ነው፤ ለማንም ላካፍለው አልፈልግም። ጆሮዬ ከቴፑ ሲነሳ ቀይ ክብ ይቀርበት ነበር።

እሱ "ነይ" ይላል፣ እኔ "ና" እላለሁ። እሱ የሚመጣው ወደሚፈልጉት ሰዎች ነው፤ ይፈራል። እኔ ደግሞ እናቴ ግማሽ ጎኗ ሞቶ አልጋ ላይ ናት። እውነቱን ከተናገርኩ እናቴ ብቻ አልነበረችም። ከከተማው ወጥቼ መልካ ጀብዱ ድረስ በእግሬ ስሄድ የማልፈራ ሴት፣ ባሕር የሚባለውን ነገር ግን ፈራሁ። እዚያ ማንን አውቃለሁ? በየትኛው ቋንቋዬ?

በካሴት መጣላት ክፉ ነው። ዛሬ ተናድደህ የተናገርከው ወር ቆይቶ ይደርሳል። ያኔ አንተ ረስተኸዋል፤ ለሰማው ግን አሁን እንደሰደብከው ነው። ሁለት ዓመት እንደዚህ ተጣላን።

አንድ ቀን ካሴቱን ስከፍት እየሳቀ ነው።

"ናያ!" አለ። ሴት ሲጠራ እንደዚያ ነው፤ ወንድ ሲሆን ዋሪያ ይባላል። "እኔም አልሰማሁሽ፣ አንቺም አልሰማሽኝ። በውርርድ እንጨርሰው። ሐራም ነው እንዳትይኝ፣ ገንዘብ የለበትም። ሦስት ጥያቄ እጠይቅሻለሁ። ሁለቱን ካወቅሽ ዓይኔን ጨፍኜ እመጣለሁ፣ ያድርጉኝ ያሉትን ያድርጉኝ። ካላወቅሽ እናትሽንም ልጅሽንም ይዘሽ ትመጫለሽ፣ አልጋ አለኝ። ተስማማሽ? ዝም ካልሽ ተስማምተሻል።"

ቴፕ ፊት ምን ልል!

ከዚያ ነገረኝ። ፈረንጆቹ ሁለት ዓይነት አላቸው። አንደኛው ሸራ የተተከለበት ጣውላ ነው፤ ሰውዬው ቆሞበት ሸራውን በክንዱ ይዞ የሚሄድበት። እሱን "ሎህ" አለው። እኔ ሎህ የማውቀው ቁርአን ቤት ልጆች አሊፍ ባ የሚጽፉበትን ጣውላ ነው፤ ኡስታዝ ሎህ ላይ ቆሞ ባሕር ሲሻገር ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለተኛው ጀልባ ነው፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ሁለት ሰው የሚነዳው። እሱን "ዶን" አለው፤ በነሱ ቋንቋ ጀልባ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ሁልጊዜ የትኛው ፈጣን ነው እያሉ ይከራከራሉ፣ በየሳምንቱም ያሽቀዳድሟቸዋል።

"የመጀመሪያው ይኸውልሽ። ሁለት በርሜል ውሃ ላይ ተንሳፍፏል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ መመለስ ነው። ነፋሱ በሄዱበትም በመጡበትም ከጎን ነው፣ የከሰዓት በኋላ ነፋስ ነው፣ ብርቱ። ማን ይቀድማል? ሎህ ወይስ ዶን?"

ጎረቤቴ ስትገባ ፊቴን አይታ፣ "ምን አለሽ ደግሞ? ሌላ አገባ?" አለችኝ።

"ሎህ ይፈጥናል ወይስ ጀልባ ብሎ ይጠይቀኛል።"

"አላህ ይሁነው! ፀሐይ መታችው" አለች።

እኔ ብዙ አላሰብኩም። ሁለት ሰው ከአንድ ሰው ይሻላል ብዬ በካሴቱ ጀርባ "ዶን" ብዬ ላክሁ። ወር ከአስር ቀን ቆየ መልሱ።

"ሎህ በረረ ናያ! ውሃውን አይነካውም ብትይ ይሻላል። እሱ ተመልሶ ሲመጣ ዶኗ ገና የወዲያኛውን በርሜል እየዞረች ነው። ከጎን ሲነፍስ ሸክም የሌለበት ነው የሚበረው፤ ብቻውን ነዋ!" ቀጥሎ ሳቅ። "አንድ ለዜሮ።"

ያ "ብቻውን ነዋ" ያለው ሦስት ቀን ከጆሮዬ አልወጣም። የሱን ሳቅ ሰምቼ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። ማንም ሸራ የያዘ ነፋስ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም አለኝ። አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፣ ልክ የሐረር መኪና የደንገጎን ዳገት ሲወጣ እንደሚያደርገው። "በደንገጎ ማን ይቀድማል?" አለ።

አሁን አሰብኩበት። ያን ጊዜ ከመልካ ጀብዱ ቲማቲምና ሎሚ አምጥቼ በየቤቱ እየዞርኩ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ባዶ ሳፋዬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ስሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ተነሳ። ሳፋውን በሁለት እጄ ይዤ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘንብዬ፣ ትንሽ ቆይቶ ክንዴ ዛለ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች አንድ ትልቅ ጎማ ዘንቢል በሁለት ጆሮው ይዘው ይሄዳሉ። አንዷ ነፋሱን በትከሻዋ ትከላከላለች፣ ሌላዋ መንገዱን ታያለች፤ ሲደክማቸው ቦታ ይለዋወጣሉ። እኔ ከነሱ ቀድሜ ነበር የተነሳሁት፤ ከተማ ሲገቡ ግን ጀርባቸው እንኳን አይታየኝም። የባሌ ነገር ትዝ አለኝ፦ ሎህ ላይ ያለው ሰው ሸራውን የሚይዘው በገዛ ክንዱ ነው። ዶኗ ላይ ግን አንዱ ይመራል፣ አንዱ ወደ ውጭ ተንጋሎ ጀልባዋን በክብደቱ ያቆማታል።

"ዶን" ብዬ ላክሁ። "ፊት ለፊት ሲነፍስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ይህን ለመናገር ባሕር ማየት አያስፈልገኝም፣ ዋሪያ።"

መልሱ መጣ። "አንድ ለአንድ" አለ። "ማን ነገረሽ? አንቺ ሴትዮ ባሕር ውስጥ ዘመድ አለሽ እንዴ?" አልሳቀም ግን። ሳል ነበረው፣ አቧራ ነው አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚወስነው ነው። ሦስት ባንዲራ፣ ሦስት ጥግ። መጀመሪያ ፊት ለፊት እየተጠማዘዙ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መሻገር፣ በመጨረሻ ነፋሱን ከኋላ ይዞ መውረድ። ጎኖቹ እኩል ናቸው። "ሎህ ወይስ ዶን? ናያ፣ በዚህ ላይ አትቸኩይ።"

አልቸኮልኩም። እሱ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ በግምት ልስተው አልፈልግም። ደቻቱ ወረድኩ። አሸዋው ደርቋል፣ ነፋሱም ከሰዓት ላይ ወንዙን ይዞ ይነፍሳል። ሦስት ድንጋይ በሦስት ጥግ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን በሁለት እጄ እንደ ሸራ ወጥሬ በተስቢሄ እየቆጠርኩ መሄድ ጀመርኩ። በየአራት እርምጃው አንድ ፍሬ። ከጎን ስሄድ ነጠላው ይጎትተኛል፣ ሳላስበው እደርሳለሁ፤ አንድ ዙር ተስቢሕ አይሞላም። ፊት ለፊት እየተጠማዘዝኩ ስወጣ ግን አንድ ዙር አልቆ ሁለተኛው ከተጋመሰ በኋላ ነው የምደርሰው። አንድ ቀን አላመንኩም። ሁለተኛ ቀን ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን፦

"ሴትዮ! ቁሚ እዚያው!"

አብዮት ጠባቂ ነው። ጠመንጃው ከቁመቱ ይረዝማል።

"ምንድን ነው የምትለኪው?"

"ምንም አልለካ የኔ ወንድም።"

"ሦስት ቀን ከድልድዩ ላይ አየሁሽ። ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንቺ እንደ ሰካራም ትጠማዘዣለሽ። በእጅሽም ትቆጥሪያለሽ።"

"ዚክር ነው፣ አላህን እያወሳሁ።"

"ዚክር በጥምዝምዝ?"

"የጠፋብኝ ነገርም አለ።"

"ምን ጠፋብሽ?"

"ባል።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እዚህ አሸዋ ውስጥ?"

"ሌላ ቦታማ ፈልጌ አጣሁት።"

እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ ግን አመለጠው። "ሂጂ አቦ፣ ሂጂ! ነገ እዚህ ባይሽ ቀበሌ ነው የማስገባሽ።" ድንጋዮቼን አንድ በአንድ በእግሩ ገፋቸው።

ከኋላ የሚነፍሰውን ጎን በደንብ ሳልቆጥረው ቀረሁ። ቢሆንም የሚበቃኝን አውቄ ነበር። ሎህ ከጎን ሲሆን ይበራል፣ ግን ያ መንገድ ቶሎ ያልቅበታል፤ ብዙ አያተርፍም። ፊት ለፊት ያለው መንገድ ነው ረጅሙ፤ ሰው ጊዜውን የሚያሳልፈው እዚያ ላይ ነው፤ እዚያ ወደ ኋላ የቀረ ብዙ ይቀራል። ስለዚህ "ዶን" አልኩ። ይህን ሁሉ፣ ድንጋዩንም ጠባቂውንም፣ በካሴት ነገርኩት። እንዲስቅ ብዬ ነው። ነጋዴዋ ካሴቱን ይዛ ሄደች።

ከዚያ መልስ ቀረ። ነጋዴዋን ፊናንሶች ይዘዋት ባቡር መሄድ ተወች። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ሎሚ ስሸጥ፣ ሰው ሲጠራኝ ሁሉ የሱ መልእክት ይመስለኛል። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና "ቁጭ በይ፣ አንቺ ስትዞሪ እኔ ነኝ የምደክመው" ትለኝ ነበር። በዚያው ወራት እናቴም ሞተች፣ አላህ ይማራት። ቤቱ ውስጥ እኔና ሕፃኗ ቀረን። ምሳ ሠርቼ ከሦስት ሰሃን አንዱን መልሼ አስቀምጣለሁ።

የውርርዱ አራተኛ ካሴት የመጣው በማላውቀው ሰው እጅ ነው። የባቡር ሠራተኛ ነው፣ ዘይት የነካው ልብስ ለብሷል። "ቶሎ ስሚው ብሏል" አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ጎረቤቴ ሱቅ ሮጥኩ። ከቀትር በኋላ ነበር። "አብሬሽ ልስማ?" አለች። እሷ ሶማሌኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። እኔ ካሴቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ "የባልና ሚስት ነገር ነው" አልኳት። ስቃ ወጣች።

አጭር ነው። መጀመሪያ ሳል። ከዚያ፣ "ናያ፣ ደህና ነሽ? ልጅቷስ?" የሚል ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ። "ዛሬ ባሕሩን የማየው በመስኮት ነው" አለ። የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል፣ ጠጠጠ እያለ። ከዚያ በቀስታ፦

"ኢ ሶ ዶን።"

ትንሽ ቆይቶ እንደገና፦ "ኢ ሶ ዶን፣ ናያ።" ካሴቱ አለቀ።

ኢ ያለውን ትንፋሹ ነው ብዬ አለፍኩት። ሶ ገል ግቢ ነው፣ ሶ ፈሪሶ ገብተሽ ተቀመጪ ነው፤ ስለዚህ ሶ መግባት ነው አልኩ። ዶን ጀልባ ነው። ሶ ዶን፤ ጀልባዋ ገባች! ጀልባዋ ቀደመች! ገበያ ባስተማረኝ ቋንቋ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩት። እጄን አጨበጨብኩ። ጎረቤቴ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

"ምን ሆንሽ?"

"አሸነፍኩ! ሁለት ለአንድ! ይመጣል!"

እልል አለችልኝ።

ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። የእናቴን አልጋ አውጥቼ አጠብኩ። ለእናታችሁ "አባትሽ ይመጣል" አልኳት፤ ፊቱን ስለማታውቀው "ምን ይመስላል?" ትለኛለች፣ እኔም "ከባቡር የሚወርደውን ረጅሙን እይ" እላታለሁ። ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ ለገሃሬ፣ ባቡር ጣቢያው በር ጋ እቆማለሁ። ሰው ይወርዳል፣ ዕቃ ይወርዳል፣ ፊናንስ ይጮኻል፣ ጋሪ ይጫናል። ከዚያ ሁሉም ይሄድና ፉርጎው ባዶውን ይቀራል። ያኔ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው፤ ከዚያ በፊት አልሄድም። አንድ ዘበኛ ለምዶኝ "ዛሬም አልመጣም ማማዬ?" ይለኝ ነበር። ገና ማማ የምባል ሴት አልነበርኩም።

አራት ወር እንደዚያ ቆምኩ። በአራተኛው ወር ያ ዘይት የነካው ልብስ የለበሰው ሰው ከባቡሩ ወረደ። ትንሽ ሻንጣ ይዟል። ከሩቅ ሲያየኝ ቆመ። ሲቆም ገባኝ።

አያታችሁን ደረቱን ነበር ያመመው። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የሞተው። ሻንጣው ውስጥ ሽርጡ፣ ሸሚዙ፣ እኔ የላክሁለት ካሴቶች፣ አንድ አዲስ የሴት የላስቲክ ጫማ፣ በእግሬ ልክ። ስጦታ ይዞልኝ ሊመጣ ሲል ሞት ቀደመው ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤቴም እንደዚያ ብላ ነው ያለቀሰችልኝ። ጫማውን አድርጌ መልካ ጀብዱ እመላለስበት ጀመር፤ አሸዋ ላይ እግር አያቃጥልም። አንዱ እስኪበጠስ አድርጌዋለሁ።

ያን ካሴት ደግሜ አልሰማሁትም። ልቤ አልቻለም፤ በኋላም ቴፑ ቀረ፣ ጎረቤቴም ልጆቿ ጋ ሄደች።

ብዙ ዓመት አለፈ። ደርግ ሄደ፣ ባቡሩም ዝም አለ፣ ጣቢያው በር ላይ ሳር በቀለ። እናታችሁ አገባች፣ እናንተ መጣችሁ። እኔ እግሬ ያው ነው፤ አንድ ቀን ታይዋን ገበያ ለናንተ ጨርቅ ስፈልግ፣ አንዲት የሶማሌ ልጅ ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ ከሰው ብዛት መሃል ቆማለች። ሞባይሏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጮኻለች።

"ኢ ሶ ዶን! ኢ ሶ ዶን ዋሪያ!"

እግሬ ቆመ። "ልጄ" አልኳት፣ "ምን ጀልባ ነው የገባው?"

"ምን ጀልባ?"

"ሶ ዶን አላልሽም?"

ሳቀች። "ድሬ ላይ ምን ጀልባ አለ፣ ማማ! እርግጥ ዶን ጀልባም ነው። እኔ ግን ወንድሜን ነው የጠራሁት፤ ጨርቅ ተራው ጠፍቶበታል። 'መጥተህ ፈልገኝ' ነው ያልኩት።"

"ኢ ያልሽውስ?"

"ኢ እኔን ማለት ነው።"

ወንድሟ ሰውን እየገፋ መጣ፣ ጥቅሉን ተቀበላት፣ ሄዱ። እኔ የቆምኩበት ቀረሁ።

እና የኔ ልጅ፣ የጠየቅሽኝን አላውቀውም። ሦስቱ ቢደባለቅ ማን እንደሚቀድም አልነገረኝም ነበር። በሆስፒታል መስኮት ባሕሩን እያየ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ሁለት ጊዜ ያለኝ "መጥተሽ ፈልጊኝ" ነው።